ባሕሩ ላይ ብቻ

ሀዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብሽ ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ፅጌም ደህና ናት፤ ከእኔ ጋር ካልሆነ በቀር ለሰው ሁሉ ደህና ናት። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ባለፈው ዲላ ዝናቡ አላባራ ብሎ ቁርጥማቱ እንደተነሣብሽ ነግረሽኝ ነበር። የስፌት መኪናሽ ፔዳልስ ተሠራ? ወይስ ያ ባለሙያ ነኝ ባይ ዛሬም ነገ ይልሻል? እንዲህ ዓይነቱን ሰው አጠገቡ ቆሞ ማሠራት ነው እንጂ ማመን አያዋጣም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ማክሰኞ ስደውል ገና ነገሩን ሳልጀምር «ስልክ ላይ ትጮሃለህ፣ ጆሮዬን አመመኝ» ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሣሽም። እኔ አልጮህኩም፤ ድምፄ እንዲሁ ነው። ቢሆንም ወረቀት አይጮህም ብዬ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ እንዳትደነግጪ። ልጅሽ ሐዳሳ በጤናዋ ናት፤ ግን እኔ ቤት የለችም። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ጫልቱ የምትባል የክፍል ጓደኛዋ ታቦር ተራራ ሥር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ እዚያ ናት። ለምን ሄደች ካልሽ፣ ጥፋት አጥፍታ፣ ጥፋቷ ሲነገራት ስላኮረፈች ነው። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደውይና ወደ ቤት እንድትመለስ ንገሪያት። እኔን ባትሰማ አንቺን ትሰማለች። ትልቁን ሥዕሏን ጠረጴዛው ላይ ጥላው ሄዳለች። እስከ ታኅሣሥ 10 ካላስረከበች መጽሐፉ ይቀርባታል፤ ዓመት ሙሉ የለፋችበት መጽሐፍ።

ስለ መጽሐፉ ነግራሽ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ፣ የልጆች መጽሐፍ የሚያሳትም ድርጅት ነው። ታሪኩን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ከሐይቁ ሥር ስላለች ከተማ ነው። ጉማሬዎች ክንፍ አላቸው፤ ንጉሡ አባ ኮዳ የሚባለው አሞራ ነው፤ አንዲት ልጅ ከላይ ከእኛ ዓለም በጀልባ ትወርዳለች። አሥራ ሁለት ሥዕሎች በባለቀለም እርሳስ ልትሠራ ተስማማች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ስትልክ እንዲህ የሚል ማስታወሻ አድርገው መለሱላት፦ «ፈጠራው ግሩም ነው። ሼዲንጉ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ተሻሽሎ ይቅረብ።» ማስታወሻውን ሳነብ እነዚህ ሰዎች ሥራ ያውቃሉ አልኩ። እውነቴን ነው፤ ክንፍ ላለው ጉማሬም ቢሆን ሆዱ ክብ መሆኑ መታየት አለበት።

ሠላሳ ዓመት ማዘጋጃ ቤት የሰው ቤት ፕላን የመረመርኩ ሰው ነኝ። ሼዲንግ የሚሉት ጥላ አጣጣልን ነው፤ ጥላ ማለት ደግሞ የብርሃን ሒሳብ ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ካወቅሽ የቀረው ማስመሪያ ነው። ስለዚህ ከሥራ መልስ እየተቀመጥን አስተማርኳት። እንቁላል፣ የክብሪት ሣጥን፣ ብርጭቆ እየደረደርኩ አሳልኳት። ትሰማለች፤ አይካድም። የራሷ የሆነ አሠራር ግን አላት፤ እሱን አትለቅም። አንድ የዓሣ ክንፍ ላይ ሰባት ጊዜ ትመላለሳለች። መጀመሪያ ቢጫ፣ በላዩ ሮዝ፣ በላዩ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፤ እርሳሱን ጫፉን ብቻ ይዛ፣ ወረቀቱን የምትዳስሰው እንጂ የምትጽፍበት አይመስልም። ጥቁሩን አትነካውም። ጥቁር እያለልሽ ሰባት ቀለም ምን ያደርግልሻል ብላት «ጥቁር ብቻውን ሲሆን ቀዳዳ ይመስላል ጋሼ» አለችኝ። ይህን መልስ ዛሬም አልተረዳሁትም።

ደህና ጊዜም ነበረን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባ ኮዳን በደንብ ታየው ብዬ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወሰድኳት። ያ አስቀያሚ ወፍ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ፣ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳለችው። ዓሣ የምትፍቅ ሴት አወቀችኝና «ኢንጂነር፣ ዛሬ ደግሞ የአሞራውን ቤት ልታስፈርስ ነው?» ብላ ባንኮኒ የከበበውን ሰው ሁሉ አሳቀችብኝ። ሐዳሳ እርሳሱ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም ጥቂት ሳቅኩ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። አሥራ ሁለተኛው ሥዕል ትልቁ ነው፤ የመጽሐፉን መሐል ሁለት ገጽ የሚይዝ። ከተማዋ በሙሉ አለችበት፣ ንጉሡ ኮረብታ ላይ፣ ከላይ የወረደችው ልጅ ሕዝቡ መሐል ቆማ። ሐዳሳ ግማሹን ጨርሳ ለመስክ ትምህርት አርባ ምንጭ ሄደች፤ አንድ ሳምንት። ጊዜው እንዳጠራት አውቃለሁ። ልርዳት ብዬ አሰብኩ። ቀድሜ አልነገርኳትም፤ ስትመጣ ታየዋለች አልኩ። ከመሥሪያ ቤት የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ገበያው አጠገብ ካለችው ከሙንተሃ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለ ሠላሳ ስድስት ከለር ገዛሁ። ብርሃኑን ከላይ ከቀኝ በኩል፣ በአርባ አምስት ዲግሪ አደረግኩት። ለእያንዳንዱ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ጉማሬ ልክ የሆነ ጥላ ጣልኩ። የሐይቁን ጥልቀት በጥቁርና በሰማያዊ ጥርሴን ነክሼ ሞላሁት። ጣቴ አበጠ። ሲያልቅ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ፅጌ መጥታ አየችና «አንተ እኮ ሐይቁን ራሱን ብታገኘው በቀይ ታርመዋለህ» ብላኝ ሄደች። ስድብ ይሁን ሙገሳ አልለየልኝም።

ሐዳሳ ጥቅምት 24 እሑድ ተመለሰች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ቆይታ ቆይታ፣ ታሪኩን አንብቤው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያረምኩት ሥዕሉን እንጂ ታሪኩን አይደለም አልኳት። ያቺ ከተማ ፀሐይ የላትም አለችኝ፤ ብርሃኑ የሚወጣው ከሰዎቹ ከራሳቸው ነው፤ ስለዚህ ጥላ የላቸውም። ጥላ ያላት ከላይ የመጣችው ልጅ ብቻ ናት፤ ንጉሡ እንግዳ መሆኗን የሚያውቀው በጥላዋ ነው።

«አሁን ግን ሁሉም ጥላ አለው» አለች።

ከዚያ በጣቷ የሐይቁን ጥቁር ነካ አድርጋ፣ ወረቀቱ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ ሌላ ቀለም አይቀበልም አለች። ወረቀት በር አለው እንዴ አልኳት። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብላኝ ክፍሏ ገባች። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ኅዳር 3 ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ሥዕሉን ላየው ገባሁ። ያ እንደ መስታወት ያበራ የነበረው ጥልቀት በሙሉ ነጥቷል። አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ቀጥሎ እንደ ሥራዬ መረመርኩ። ጣሪያው አያፈስም። መስኮቱ ዝግ ነው። ግድግዳውን ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ፅጌ ወደዚያ ክፍል አልገባችም። የቀረው ማነው? ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ ነጭ የልብስ ጠመኔ አገኘሁ፤ አንቺው የላክሽላት፣ ጨርቅ ላይ የምታሠምሪበት። ጠርቼ ጠየቅኳት። «አልነካሁትም ጋሼ» አለች። ጠመኔውን አሳየኋት። እንደገና «አልነካሁትም»። እንባ የለ፣ መሐላ የለ፣ ዓይኗ ደረቅ። ደሜ ፈላ።

ልክ እናትሽን ነው የመሰልሽው አልኳት። እናትሽም አልነካሁትም ያለችው እንዲህ ዓይኗ ደርቆ ነው አልኳት።

እናቴ ምን አድርጋ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የ1977ቱን የአፍሪካ ካርታዬን፣ ይርጋለም፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን የሠራሁትን። ዱቄት ነስንሰሽ እንዳበላሸሽብኝ። አባባም «የወንድሟን ደብተር የምታበላሽ የራሷን አትይዝም» ብለው ከትምህርት እንዳስቀሩሽ፣ በዓመቱ አክስታችን ጋ ዲላ ስፌት እንድትለምጂ እንደላኩሽ። የምታውቀው መስሎኝ ነበር። ለካስ ለልጅሽ የነገርሻት ሌላ ነው፤ ሰሌዳው አልታይሽ ብሎ ትምህርት ያቋረጥሽ ነው የሚመስላት። ለምን እንዲህ እንዳልሻት አልገባኝም። እሷም «እናቴ እኮ እስከ ዛሬ ያለ መነጽር በመርፌ ክር ታሾልካለች» አለች። ለእኔ አልነበረም ያለችው፤ ለራሷ ነው። ከዚያ ልብሷን ሰብስባ ወጣች።

ለልጅሽ በመናገሬ አትቀየሚኝ። እኔ ለዚያ ነገር ይቅር ካልኩሽ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ልጅ ነበርሽ፤ ቅናትም የልጅ ነው። ዛሬም ሐዳሳ ይቅርታ ትጠይቀኝና ትመለስ፤ እኔም ልረሳው ዝግጁ ነኝ። ነገ በምሳ ሰዓት ሥዕሉን ይዤ ሙንተሃ ጋ እሄዳለሁ፤ የነጣውን በአዲስ ሰማያዊ እደርብበታለሁ፤ ቀለሙን አስተያይቶ መግዛት ይሻላል። ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ በዲላ መኪና እልክልሻለሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

የሐሙሱን ገጽ ቀድጄ እንደገና ልጀምር ነበር። ተውኩት። በእኛ ሥራ የተሳሳተ መስመር አይፋቅም፤ ከሥር ያለው እንዲነበብ ተደርጎ ይሰረዝና ጎኑ ላይ ይፈረማል። ከላይ «ይቅር ካልኩሽ» የሚለው ላይ ቀይ መስመር ታያለሽ። ፊርማው የእኔ ነው። ለምን እንደሰረዝኩት ልንገርሽ፤ በቅደም ተከተል ካልነገርኩሽ ለራሴም አይገባኝ።

ትናንት ሥዕሉን ጠቅልዬ ሙንተሃ ጋ ሄድኩ። ሴትዮዋን አታውቂያትም፤ ምላሷ ከመቅረጫ ይሳላል። የባሏ ቤተሰቦች ከቡታጅራ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ አሁን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁላትና ይህን የሚመስል ሰማያዊ ስጪኝ አልኳት። ሥዕሉን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ኢንጂነር፣ ወረቀቱ ምን በደልዎት? ማነው እንዲህ የተጫነው?»

የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ጠመኔ ነስንሶበት ነው የነጣው አልኳት። ሳቀች። ከመሳቢያ ጥጥ አወጣችና የሐይቁን አንድ ጥግ በቀስታ፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠረግ፣ አበሰችው። ጥቁር ሰማያዊው ተመለሰ። ጥጡ ላይ ጠመኔ የለም። ሌላ ጥግ አበሰች፤ ያም ተመለሰ።

«ጠመኔ አይደለም፤ ሰሙ ነው» አለችኝ። ከለር የሚሠራው በሰም ነው፤ ሲጫኑት፣ በተለይ ጥቁርና ሰማያዊ ሲሆን፣ በሳምንት በአሥር ቀን ሰሙ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ይነጣል። የተማሪ እናቶች ሻጋታ ሸጥሽልን እያሉ እየመጡ ይሰድቧታል። ሁሉንም በጥጥ ነው የምትሸኛቸው። ቀጥላ ጣቷን የሐዳሳ እጅ የሠራው ላይ፣ የንጉሡ ክንፍ ላይ አደረገች። ከእኔው ጥቁር ጎን ለጎን ያለ ነው፤ እሱም የጠቆረ ነው፤ አንድ ነጥብ ነጭ የለበትም።

«ይቺኛዋ እጅ አይነጣባትም» አለች። «ማናት?»

የእህቴ ልጅ ናት አልኳት። እንግዲህ እሷ ትጨርሰው፣ እርስዎ የሰው ቤት ያፍርሱ አለችኝ። ሌላ ነገር ነበር የምጠይቃት። የድሮ ከለርም እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ አልኳት፤ በደርግ ጊዜ የነበረው፣ ባለ አሥራ ሁለቱ፣ በካርቶን የሚመጣው።

«የድሮውማ ይብስ ነበር» አለችኝ፤ «ግማሹ ሰም አልነበር?»

ሰማያዊውን ሳልገዛ ወጣሁ። ሁለት ባጃጅ ጡሩምባ ነፋብኝ፤ መንገዱ መሐል ቆሜ ነበር።

እህቴ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ግራ ገብቶኛል። ትናንት ከሰዓት መሥሪያ ቤት የገባ አንድ ፕላን ሳልፈርምበት መለስኩ፤ ስህተት አግኝቼበት አይደለም፤ ስህተት አለመኖሩን ማመን አቅቶኝ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ዓይን ስንት ሰው ቤት ላይ ፈርሜያለሁ። ዓይኔ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ አሁን አላውቅም።

ካርታውን አስታውሰሽው ይሆን? እኔ እያንዳንዱን መስመር አስታውሰዋለሁ። መሬቱን በቀጭኑ ነበር የቀባሁት፤ የአገሮቹ ስም መነበብ ስለነበረበት። ግብፅ ቢጫ፣ ሱዳን ቡናማ፣ የእኛ አረንጓዴ። ባሕሩ ላይ ግን ስም አልበዛም። ባሕሩን ሁለት ሰማያዊ እርሳስ እስኪያልቅ ተጭኜ ሞላሁት፤ አትላንቲኩንም፣ ሕንድ ውቅያኖሱንም። ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ስምንት ቀን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኤግዚቢሽኑን ሲጠብቅ ነበር። በስምንተኛው ቀን ነጣ።

ዱቄት ከሰው እጅ ሲወድቅ አይመርጥም። ኬንያ ላይም ይወድቃል፤ ሰሐራ ላይም ይወድቃል። እኔ ግን ትናንት መንገድ ላይ ቆሜ ካርታውን በሐሳቤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። መሬቱ ንጹሕ ነበር። የነጣው ባሕሩ ላይ ብቻ ነበር። ከመሬቱ መሐል ደግሞ አንዲት ጠብታ የምታህል፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ፤ እሷንም ተጭኜ ስለቀባኋት።

አባባም አላዩትም፤ ነፍሳቸውን ጌታ ያሳርፍና። እሳቸው ለመመርመር አልቆሙም፤ መመርመርም አላስፈለጋቸውም፤ የዓይን ምስክር ነበራቸው። ምስክሩ እኔ ነኝ። አንቺ ወጥ ቤት ሊጥ ስታቦኪ ነበርሽ፤ እጅሽ እስከ ክንድሽ ዱቄት ነበር። ያየሁት ይህንን ብቻ ነው። ካርታው አጠገብ አላየሁሽም። ለአባባ ግን «ስትነካው አየኋት» አልኳቸው። ያን ጊዜ መዋሸቴ አልመሰለኝም። እጅሽ ዱቄት ነበረ፣ ካርታው ነጭ ነበረ፤ ቀሪውን ራሴ አሰላሁት። ማስላት ከማየት ይሻላል ብዬ ነው የኖርኩት። ደጋግሜ ስናገረው ደግሞ በእውነት ያየሁ መሰለኝ፤ አሁን እንኳ ዓይኔን ስጨፍን አንቺ ካርታው ፊት ቆመሽ ይታየኛል፤ ያልነበረ ነገር እንዲህ ሲታይ ምን ይባላል?

አንቺ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር «አልነካሁትም» ያልሽው። ለምን እንዳልደገምሽው፣ ለምን አርባ ዓመት ለአንድ ሰው፣ ለገዛ ልጅሽ እንኳ እንዳልተናገርሽ አላውቅም። ለሐዳሳ ሰሌዳ አልታየኝም ያልሻት ለራስሽ ብለሽ እንዳልሆነ ትናንት ገባኝ። ልጅቷ እኔ ቤት ነው የምትኖረው። ጋሼ ብላ ነው የምትጠራኝ።

ትናንት ከሥራ በኋላ በባጃጅ ታቦር ሥር ሄድኩ። ጫልቱ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ኋላ በርጩማ አመጣችልኝ። ሐዳሳ መሬት ላይ ሰሌን ዘርግታ፣ በእንጨት ላይ አዲስ ወረቀት ወጥራ፣ አሥራ ሁለተኛውን ሥዕል ከሀ እየሠራች ነው። ቀና አላለችም። የያዝኩትን ሥዕል አልፈለገችውም። ሙንተሃ ያለችኝን ነገርኳት። እንደምታውቅ ነገረችኝ፤ ሰም እንደሚያነጣ ሁሉም ከለር የሚይዝ ሰው ያውቃል። ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ጫልቱ ከምድጃው ዞር ብላ አየችን።

«አልነካሁትም አልኩዎት እኮ ጋሼ» አለች። «ከዚያ በኋላ እርስዎ ስለ ሰም ይሰሙኛል?»

እሷ ሥራዋን ቀጠለች። ሐምራዊ በሰማያዊ ላይ፣ እንደገና ሐምራዊ፣ ቡናማ ጣል አድርጋ፣ እንደገና ሰማያዊ። ወረቀቱ እያንዳንዱን ይቀበላል። አሥር ደቂቃ ተቀምጬ አንድ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ስትጠልቅ አየሁ፤ ዓይንሽን እስክታሳርፊበት ድረስ የምትወርጂበት ዓይነት ጥልቀት። እኔ ሦስት ቀን ተጭኜ ያላገኘሁት ነው። እንዴት እንደሆነ ቀርቤም አልገባኝም።

ከዚያ ስለ ባሕሩ ነገርኳት፤ አሁን ለአንቺ በነገርኩሽ መንገድ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅን ጨምሬ፣ ለአባባ ያልኩትንም ጨምሬ። እርሳሱን አስቀመጠች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ይኼን ለእኔ አይደለም» አለች። «ለእናቴ ይጻፉላት።»

ጽፌ ጀምሬያለሁ አልኳት። ምን እንደጻፍኩ ግን አልነገርኳትም፤ የሐሙሱን ገጽ አንቺ አንብበሽ ለእሷ ማሳየት አለማሳየት የአንቺ ፈቃድ ነው። ጫልቱ እራት ይብሉ ብላኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም። ስወጣ ሐዳሳ ተነሥታ በር ድረስ ሸኘችኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ አንቺ እንዲያ አድርገሽ ስላሳደግሻትም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከላይ ደውለሽ መልሺልኝ ያልኩሽን ሰርዤዋለሁ፤ እሱም ላይ ቀይ መስመር አለ። ሥዕሉን እዚያው ሰሌኑ ላይ ትጨርሰው። በጊዜው እንደምታደርስ እጇን አይቼ አውቄያለሁ። መመለስ ከፈለገች ክፍሏ ክፍሏ ነው፤ ጠመኔሽን ጠረጴዛው ላይ በነበረበት አስቀምጬዋለሁ። ፅጌ ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ዓሣዬን አጥንቱን ለቅማ አቀረበችልኝ፤ በአሥር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እኔ ዲላ ልምጣ ወይስ አልምጣ የሚለውን አንቺ ወስኚ። ና ካላልሽኝ አልመጣም፤ ስልክም አልደውልም። እንደ ልማዴ ቀን ቆርጬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ቀን መቁረጥ የእኔ አለመሆኑ አሁን ገና ነው የታየኝ።

ለልጅሽ ያን እጅ የሰጠ አምላክ ያንቺን ዓይን ይጠብቅልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ቤትሽ ከሰላም አይጉደል፤ የሠራሽው ልብስ ለለበሰው ሁሉ ይስማማው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺው። ከትምህርት ስትቀሪ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ? ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ፤ አራተኛ ይሁን አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ ላስታውስ አልቻልኩም። አስተማሪሽ ማን እንደነበሩም አላውቅም። የካርታው ስኬል አንድ ለሃያ ሚሊዮን ነበር።

ወንድምሽ